የጠፋ ባለለስላሳ ቅርፊት ኤሊ ዝርያን ከቅሪተ አካል መለየት፦ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ በድሬዳዋና በሐረር ለሚገኙ የሥነ ሕይወትና የጂኦሎጂ ተማሪዎች፣ መምህራንና የሙዚየም ሠራተኞች የተዘጋጀ ነው። ዓላማው ከደለል የወጣ የኤሊ ቅርፊት ስብርባሪ እጃቸው ሲገባ ሥራውን ከየት ጀምረው የት ማቆም እንዳለባቸው ማሳየት ነው። ባለለስላሳ ቅርፊት ኤሊዎች ትሪዮኒኪዴ በሚባለው አስተኔ (ተቀራራቢ ወገኖችን የያዘ የምደባ ደረጃ፤ ወገን ደግሞ ተቀራራቢ ዝርያዎችን ይይዛል) የሚመደቡ የወንዝና የሐይቅ እንስሳት ሲሆኑ፣ ቅርፊታቸው በሌሎች ኤሊዎች ላይ እንደሚታየው በቀንዳማ ሰሌዳ ሳይሆን በቆዳ የተሸፈነ ነው። የእነዚህ እንስሳት አጥንት አጥኚውን በቀላሉ የሚያዘናጋ ጠባይ አለው፤ አስተኔውን ለማወቅ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ስባሪ ልትበቃ ትችላለች፤ ዝርያውን ለማወቅ ግን ግማሽ ቅርፊት እንኳ የማይበቃበት ጊዜ አለ። ቀደምት አጥኚዎች ይህን ልዩነት ባለመጠበቃቸው፣ ትሪዮኒክስ የሚለው የወገን ስም ከየትም አገርና ከየትኛውም ዘመን ለተገኘ የተቦረቦረ የኤሊ ስባሪ ሁሉ ሲሰጥ ኖሯል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አሠራር በሙሉ የሚያጠነጥነው እያንዳንዱ ምልክት እስከ የትኛው የምደባ ደረጃ ድረስ እንደሚያደርስ በመለየቱ ላይ ነው።

አሠራሩን ለማብራራት አንድ የታሰበ ምሳሌ እንከተላለን። በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ከሚገኝ የሐይቅ ደለል 11 ቁርጥራጮች ወጥተዋል እንበል፤ ሦስቱ ከጎን፣ ሁለቱ ከጀርባ መሐል፣ አንዱ ከሆድ ቅርፊት የመጡ ሲሆኑ የቀሩት አምስቱ ገና አልተለዩም።

አንደኛ፦ ከአጥንቱ በፊት አለቱን ማወቅ

ቅሪተ አካሉ የወጣበት አለት ዓይነትና ዕድሜ ብዙ አማራጮችን ገና ከጅምሩ ያስቀራል። በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ በሰፊው የሚታየውና ለድሬዳዋ ሲሚንቶ ጥሬ ዕቃ የሆነው የኖራ ድንጋይ ከ145 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ባበቃው በጁራሲክ ዘመን በባሕር ወለል ላይ የተነጠፈ ነው። እስካሁን ከሚታወቁት የባለለስላሳ ቅርፊት ኤሊ ቅሪቶች እጅግ ጥንታዊ የሆኑት ግን ከጁራሲክ ቀጥሎ ከመጣው ከቀደምት ክሬታሲየስ የእስያ ደለል የተገኙ ናቸው፤ የአፍሪካው መዝገብ ደግሞ ጎልቶ የሚታየው ከ23 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከጀመረው ከማዮሲን ዘመን አንሥቶ ነው። በመሆኑም ከከተማው በላይ ካለው የኖራ ድንጋይ ገደል ውስጥ ተጣብቆ የተገኘ አጥንት ምንም ያህል ኤሊ ቢመስል ለዚህ አስተኔ ሊታጭ አይገባውም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኖራ ድንጋዩ ጥንታዊ ቢሆንም በውስጡ ያሉት ዋሻዎች የያዙት ደለል ግን ከእርሱ ጋር ሲነጻጸር የትናንት ነው። በድሬዳዋ አጠገብ የሚገኘውና በመካከለኛው የድንጋይ ዘመን የሰዎች መጠለያ የነበረው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ከእንዲህ ያለ ዋሻ የሚወጣ የኤሊ አጥንት የሚነበበው በዋሻው ደለል ዕድሜ እንጂ በግድግዳው ዕድሜ አይደለም።

ለባለለስላሳ ቅርፊት ኤሊ ተስፋ የሚጣልበት ቦታ ከገደሉ ግርጌ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን የተዘረጋው የስምጥ ሸለቆ ደለል ነው። በምዕራብ ሐረርጌ በኩል የሚገኘውና 8 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሚገመተው የጮሮራ ፎርሜሽን (የደለል ንብርብሮች ስብስብ)፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ጮሮራፒቴከስ አቢሲኒከስ የተባለው ትልቅ ዝንጀሮ መሰል ፍጡር ከጥርሶቹ የተገለጸበት፣ እንዲህ ካሉት ደለሎች አንዱ ነው። በዚያም ሆነ በሌላ ቦታ ሲሠሩ የጂፒኤስ ንባቡን፣ የንብርብሩን ዓይነትና ከእሳተ ገሞራ አመድ ንብርብር ያለውን ርቀት አጥንቱ ከመነሳቱ በፊት ይመዝግቡ። በተለይም አጥንቱ ከንብርብሩ ውስጥ መገኘቱንና መሬት ላይ ተንከባሎ መገኘቱን ለይተው ይጻፉ፤ ጎርፍ ምን ያህል እንደሚሸከምና የት ድረስ እንደሚያደርስ ለድሬዳዋ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በምሳሌያችን ከ11ዱ ቁርጥራጮች ሰባቱ ከአንድ ንብርብር ውስጥ፣ አራቱ ከገጸ ምድር ተለቅመው ከሆነ አራቱ የዕድሜ ማስረጃቸው ደካማ መሆኑ እስከ መጨረሻው ድረስ አብሯቸው ይጓዛል።

ሁለተኛ፦ ፈቃድ

በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅሪተ አካልን ለመፈለግም ሆነ ለማውጣት የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በአጋጣሚ የተገኘም እንደሆነ ሳይነካ ማሳወቅ ግዴታ ነው። መንገድ ሲቆፈር ወይም ለቤት መሠረት ሲወጣ አጥንት ያየ ሰው ፎቶግራፍ አንስቶ፣ ቦታውን መዝግቦ ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባዋል። ቅሪተ አካሉን ነቅሎ ቤት ማስገባት ግን ሕግ ከመጣሱም በላይ ከላይ የተጠቀሰውን የንብርብር ማስረጃ ለዘለዓለም ያጠፋል።

ሦስተኛ፦ ማጽዳትና ማጠንከር

የኤሊ ቅርፊት ስባሪ ቀጭን በመሆኑ በብረት መቧጠጥ አይወድም። ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ የቀርከሃ ስንጥርና ጥቂት ውኃ አብዛኛውን ሥራ ይጨርሳሉ፤ ሸክላማው አፈር ግን ውኃ ሲነካው ስለሚያብጥ አጥንቱን እንዳይሰነጥቀው በቅድሚያ በአንድ ጥግ ላይ ይሞክሩት። ትልቅ ቁራጭ ከመሬት ሲነሳ በእርጥብ ሶፍት ተሸፍኖ በጀሶ በተነከረ የቃጫ ጆንያ ይጠቀለላል። ሶፍቱ ከተረሳ ጀሶው የገጹን ቅርጽ ይዞ ይላቀቃል፤ የሚላቀቀው ደግሞ ለምደባ እጅግ የምንፈልገው ክፍል ነው።

የሚፈረፈር አጥንት የሚጠነክረው ፓራሎይድ ቢ-72 የተባለውን ሙጫ በአሴቶን በማቅጠን ነው። ይህ ሙጫ በዓለም ሙዚየሞች የሚመረጠው በኋላ በአሴቶን ሊነሳ ስለሚችል ነው። በድሬዳዋ ግን ሁለት ነገር ያስቸግራል። የመጀመሪያው አሴቶኑ በሙቀቱ ቶሎ ስለሚተን ሙጫው ወደ ውስጥ ሳይሰርግ ገጹ ላይ እንደ ስስ ሽፋን ደርቆ መቅረቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሙጫው 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መለስለስ መጀመሩ ነው፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም በቆመ መኪና ውስጥ ይህ ሙቀት ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ሙጫውን በጣም አቅጥነው በማለዳ ይቀቡ፤ የተጣበቁትን ቁርጥራጮችም በክብደታቸው እንዳይንሸራተቱ በአሸዋ ትሪ ላይ አቁመው ያድርቁ። ምርጫው ካለ እኔ ይህን ሥራ ሐረር ላይ መሥራትን እመርጣለሁ፤ ከፍታውና ቅዝቃዜው ብዙ ድካም ያስቀራል። ሱፐር ግሉና የእንጨት ኮላ ግን በየትኛውም ከተማ አይመከሩም፤ አንዴ ከያዙ በኋላ አጥንቱን ሳይጎዱ ማላቀቅ እጅግ ከባድ ነው።

አራተኛ፦ አስተኔውን ማረጋገጥ

በሐይቅና በወንዝ ደለል ውስጥ ገጹ የተቦረቦረ አጥንት ሁሉ ኤሊ አይደለም። የአዞ የቆዳ አጥንቶች ጥልቅና ክብ ጉድጓዶች አሏቸው፤ በብዙዎቹም ላይ መሐል ለመሐል የሚያልፍ የወጣ ሸንተረር ይታያል፤ በውስጥ በኩል ግን የጎድን አጥንት ፈጽሞ አይገኝባቸውም። የአምባዛ የራስ ቅል ሰሌዳዎችም ጥቃቅን እብጠቶች ስላሉባቸው ትናንሽ ስባሪዎች ሲሆኑ ያደናግራሉ። የአምባዛው ሰሌዳ ብዙውን ጊዜ ቀጭን ሲሆን እብጠቶቹም ከአጥንቱ መሐል ወደ ዳር የሚበተኑ ይመስላሉ፤ የባለለስላሳ ቅርፊት ኤሊ ገጽ ግን እርስ በርሱ የተሳሰረ የሸንተረርና የጉድጓድ መረብ ነው።

ገጹን ለማየት መብራቱን ከላይ ሳይሆን ከጎን ያድርጉት። ቁራጩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው የእጅ ባትሪ ከጠርዙ ዝቅ አድርገው ሲያበሩ፣ በፊት ለጥ ያለ ይመስል የነበረው ገጽ ሸንተረሮቹና ጥላዎቻቸው ይወጡለታል፤ አንዳንዴም በመሐሉ አጥንቶቹ የሚገጣጠሙበት የመጋዝ ጥርስ የመሰለ ጥምዝምዝ መስመር ይገለጣል። ይህን መስመር ከቀንዳማ ሰሌዳ አሻራ መለየት ያስፈልጋል። በድሬዳዋ ዙሪያ ባለው ቁጥቋጦ የሚገኘውን የየብስ ኤሊ ደረቅ ቅርፊት ያገላበጠ ሰው፣ ቀንዳማዎቹ ሰሌዳዎች የሚዋሰኑበት ቦታ ሁሉ አጥንቱ ላይ ቀጥ ያለና ወጥ ቦይ እንደተወ ያስታውሳል። በባለለስላሳ ቅርፊት ኤሊ አጥንት ላይ እንዲህ ያለ ቦይ የለም። ፔሎሜዱሳና ፔሉሲዮስ የሚባሉት የአፍሪካ የውኃ ኤሊዎች አጥንትም ቦይ ስላለው አንድ ጥርት ያለ ቦይ ከታየ የባለለስላሳ ቅርፊት ኤሊ ጉዳይ እዚያው ያበቃል።

ቀጥሎ ጠርዙን ይመርምሩ። አብዛኞቹ ኤሊዎች በጀርባ ቅርፊታቸው ዙሪያ የጠርዝ አጥንቶች ቀለበት ሲኖራቸው ባለለስላሳ ቅርፊቶቹ ይህን ቀለበት አጥተዋል። ስለዚህ ኮስታል የሚባለው የጎድን ሰሌዳ በውጭው ጫፍ ከሌላ አጥንት ጋር የሚገጥምበት ጥርስ የለውም፤ በምትኩ የጎድን አጥንቱ ጫፍ ከሰሌዳው አልፎ ነጻ ሆኖ ይወጣል። ከዚህ ደንብ ወጣ የሚሉት የደቡብ እስያዎቹ ሊሴሚስ ናቸው፤ እነርሱ በኋለኛው ጠርዛቸው የአጥንት ሰሌዳዎች ረድፍ አላቸው።

የጠርዙ ምርመራ ሌላም ጥቅም አለው። ዛሬ በኒው ጊኒና በሰሜን አውስትራሊያ ብቻ አንድ ዝርያ የቀረው የካሬቶኬሊዴ አስተኔ የባለለስላሳ ቅርፊቶቹ የቅርብ ዘመድ ነው፤ የቅርፊቱ አጥንት የተቦረቦረ ሲሆን ቀንዳማ ሰሌዳዎቹንም አጥቷል። ይህ አስተኔ በማዮሲን ዘመን አፍሪካ ውስጥ ይኖር እንደነበር ከሊቢያ የተገለጸው አሌኦኬሊስ ሊቢካ ይመሰክራል። ካሬቶኬሊዴዎች የጠርዝ አጥንቶቻቸውን ስላላጡ ጫፉ ያልተሰበረ አንድ የጎድን ሰሌዳ ሁለቱን አስተኔዎች ይለያል፤ ጫፉ ከተሰበረ ግን ገጹን ብቻ አይቶ መወሰን አይቻልም።

ጥርጣሬው ከቀጠለ የአጥንቱ ስብራት ራሱ ይናገራል። የባለለስላሳ ቅርፊት ኤሊ አጥንት የላይኛው ሽፋን ቃጫዎቹ አንዱ ንብርብር በሌላው ላይ አቅጣጫ እየቀየረ እንደ ኮምፔንሳቶ የተደራረበ ነው። ንጹሕ ስብራት ላይ በአጉሊ መነጽር ፍንጩ ሊታይ ይችላል፤ በእርግጠኝነት የሚታየው ግን ከትንሽ ስባሪ ስስ ቅንጣቢ ተቆርጦ በፖላራይዝድ ማይክሮስኮፕ ሲመረመር ነው። መቁረጥ ማጥፋት በመሆኑ ለዚህ የሚሰዋው ስባሪ ሌላ ምልክት የማይገኝበት፣ አስቀድሞም ፎቶ የተነሳና የተለካ መሆን አለበት። በምሳሌያችን ካልተለዩት አምስት ቁርጥራጮች አንዱን ለዚህ ማዋል ይቻላል።

አምስተኛ፦ እያንዳንዱ ቁራጭ ከየት ቦታ እንደመጣ መወሰን

የጎድን ሰሌዳዎች በግራና በቀኝ በአብዛኛው ስምንት ስምንት ናቸው። በውስጥ በኩል የጎድን አጥንቱ እንደ ጉብታ ይታያል፤ የአጥንቱ ራስ ያለበት ጫፍ ወደ አከርካሪው፣ ነጻው ጫፍ ወደ ውጭ ነው። የፊተኞቹ ወደ ፊት፣ የኋለኞቹ ወደ ኋላ ስለሚያጎነብሱ ኩርባቸው ግራና ቀኙን ለመለየት ይረዳል። ስምንተኛው ጥንድ በአንዳንድ ዝርያዎች እጅግ ያነሰ ወይም ጭራሹን የሌለ መሆኑ ለምደባ ጠቃሚ ምልክት ነው።

ኒውራል የሚባሉት የጀርባ መሐል ሰሌዳዎች ከሁሉ የበለጠ ትኩረት ይፈልጋሉ። አብዛኞቹ ስድስት ጎን ሲኖራቸው አጫጭሮቹ ጎኖች በአንድ ወገን ይገኛሉ። በተከታታይ ሲደረደሩ አጫጭሮቹ ጎኖች እስከ አንድ ቦታ ድረስ ወደ አንድ አቅጣጫ ይመለከታሉ፤ ከዚያም ብዙውን ጊዜ በአምስተኛውና በሰባተኛው መካከል በሚገኝ ሰሌዳ ላይ አቅጣጫው ይገለበጣል። መገልበጫው የትኛው ሰሌዳ እንደሆነ፣ ሰሌዳዎቹ በጠቅላላ ስንት እንደሆኑና የኋለኞቹ የጎድን ሰሌዳዎች መሐል ላይ ተገናኝተው እንደሆነ ይመዝግቡ። ሆኖም የኒውራሎች ቁጥርና የመገልበጫው ቦታ በአንድ ዝርያ ውስጥም ከእንስሳ እንስሳ ስለሚለያይ፣ በአንድ ቅርፊት ላይ የታየ ቁጥር ብቻውን ለዝርያ መለያ አይበቃም። የእኛ ሁለት ኒውራሎች ተገጣጥመው ከመጡ ብዙ ይነግሩናል፤ ተለያይተው ከመጡ ግን ተራ ቁጥራቸውን መገመት እንጂ ማወቅ አይቻልም፤ ይህንኑም በግልጽ መጻፍ ይገባል።

ስድስተኛ፦ ንዑስ አስተኔውን መለየት

አስተኔው ትሪዮኒኪኔና ሳይክላኖርቢኔ ተብሎ በሁለት ይከፈላል። አፍሪካ ውስጥ ዛሬ የሚኖሩት አምስት ዝርያዎች ናቸው። ከእነርሱ ውስጥ ትሪዮኒክስ ትሪዩንጊስ ማለትም የናይል ባለለስላሳ ቅርፊት ኤሊ፣ በአገራችን በኦሞ ወንዝና በቱርካና ሐይቅ የሚገኘው፣ የመጀመሪያው ንዑስ አስተኔ ብቸኛ ተወካይ ነው። ሁለቱ የሳይክላኖርቢስ ዝርያዎች፣ ሴኔጋሌንሲስና ኤሌጋንስ፣ እንዲሁም ሁለቱ የሳይክሎደርማ ዝርያዎች፣ ፍሬናቱምና ኦብሪ፣ ወደ ሁለተኛው ይገባሉ።

ሁለቱን ለመለየት ፈጥኖ የሚረዳው የሆድ ቅርፊቱ ነው። በዚህ ቅርፊት መሐል በግራም በቀኝም ሃዮፕላስትሮንና ሃይፖፕላስትሮን የሚባሉ ሁለት አጥንቶች ይገኛሉ። በትሪዮኒኪኔዎች ሁለቱ በግልጽ መጋጠሚያ ተለያይተው ሲቆዩ፣ በሳይክላኖርቢኔዎች ግን እንስሳው ገና ጫጩት ሳለ ተዋሕደው አንድ አጥንት ይሆናሉ። ስለዚህ የምሳሌያችን የሆድ ቅርፊት ክፍል ከ11ዱ ሁሉ ከባዱን ጥያቄ የሚመልስ ሊሆን ይችላል፤ ይህ የሚሆነው ግን ስባሪው መጋጠሚያው ሊያልፍበት የሚገባውን ቦታ ከያዘ ብቻ ነው። ገጹ በሻካራ ንጣፍ ከተሸፈነ መጋጠሚያው ከውጭ ሊደበቅ ስለሚችል በውስጥ በኩል ይፈልጉት፤ በዚያም ካልታየ በሆስፒታል ያለ የሲቲ ስካን መሣሪያ ቢያንስ ለትላልቅ ቁርጥራጮች ያገለግላል። መጋጠሚያ አለመታየቱ አጥንቱ ለመዋሐዱ ማስረጃ የሚሆነው እነዚህ ምርመራዎች ከተደረጉ በኋላ ነው።

በሆድ ቅርፊቱ ላይ የሚገኙት ካሎሲቲ የሚባሉ ሻካራ የአጥንት ንጣፎች ቁጥር፣ ስፋትና እርስ በርስ መነካካትም ይመዘገባል። በሳይክላኖርቢኔዎች ንጣፎቹ ሰፊና በርከት ያሉ የመሆን ዝንባሌ አላቸው። ንጣፎቹ ከዕድሜ ጋር እያደጉ ስለሚሄዱ ግን ቁጥራቸው ያለ ዕድሜ ግምት ትርጉም የለውም።

ሰባተኛ፦ ዕድሜንና የግለሰብ ልዩነትን ከዝርያ ልዩነት መለየት

ለአዲስ ዝርያ ስም በር የሚከፍተው በአብዛኛው ያልታወቀ ፍጥረት ሳይሆን ያልታወቀ ዕድሜ ነው። በወጣት ባለለስላሳ ቅርፊት ኤሊ ላይ የጎድን ሰሌዳዎቹ ገና ስላልሰፉ ነጻዎቹ የጎድን ጫፎች ረጃጅም ናቸው፤ በማጅራቱ ሰሌዳ (በጀርባ ቅርፊቱ ፊት፣ ከአንገት በላይ ባለው አጥንት) እና በመጀመሪያዎቹ የጎድን ሰሌዳዎች መካከልም ክፍተት ይታያል፤ የገጹ ቅርጽ ያልጎላ፣ የሆድ ንጣፎቹም ትናንሽ ናቸው። እንስሳው ሲያድግ ክፍተቱ ይደፈናል፣ ገጹም ይለወጣል። በአንድ ቅርፊት ላይ እንኳ የመሐሉና የጠርዙ ቅርጽ አንድ አይደለም፤ መሐል ላይ ክብ ጉድጓድ የሚመስለው ወደ ጠርዝ ሲጠጋ ረዥም ሸንተረር ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት የገጽን ቅርጽ ብቻ መሠረት ያደረገ የዝርያ መለያ፣ በየትኛውም መጽሔት ላይ ይውጣ፣ በጥርጣሬ መታየት አለበት ብዬ አምናለሁ።

የራስ ቅል ከተገኘ ዕድል ነው፤ በምደባ ረገድ ከቅርፊት የበለጠ ይናገራልና። ነገር ግን የመንጋጋ ስፋት ከአመጋገብ ጋር ይያያዛል፤ ቀንድ አውጣ የሚያደቁ አንዳንድ ባለለስላሳ ቅርፊት ኤሊዎች ሲያረጁ ጭንቅላታቸው ከመጠን በላይ ይሰፋል። ሰፊ መንጋጋ ብቻውን አዲስ ዝርያ ማለት አይደለም።

ስምንተኛ፦ ማነጻጸር

ማነጻጸር ሲባል ከፎቶግራፍ ጋር ማስተያየት ብቻ አይደለም። የእያንዳንዱን ቁራጭ ርዝመት፣ ወርድና ውፍረት በቬርኒየር ካሊፐር ይለኩ፤ ውፍረቱን በመሐልና በጠርዝ ለየብቻ ይውሰዱ፤ በማጅራቱ ሰሌዳ ላይ የወርዱን ለርዝመቱ ንጽጽር ያስሉ። ከዚያም ልኬቱን ከሕያዋኑ አምስት የአፍሪካ ዝርያዎች፣ ቀጥሎም ከአፍሪካ ማዮሲንና ከእርሱ ቀጥሎ ካለው ከፕላዮሲን ዘመን ከተገለጹት የጠፉ ዝርያዎች ጋር ያስተያዩ። ከእነዚህ አንዱ ሳይክሎደርማ ቪክቶሪዬ ነው፤ ቻርልስ አንድሩስ እ.ኤ.አ. በ1914 ከኬንያ ማዮሲን የገለጸው ነው። የቱርካና ተፋሰስ ባለለስላሳ ቅርፊት ኤሊዎችም እ.ኤ.አ. በ1990 ለብቻቸው ስለተጠኑ ከስምጥ ሸለቆ ለሚመጣ ናሙና የቅርብ ማነጻጸሪያ ናቸው።

እዚህ ላይ የሚዘወተር አንድ አቋራጭ አለ፦ ዛሬ በአቅራቢያው የሚኖረው ትሪዮኒክስ ትሪዩንጊስ ስለሆነ ቅሪተ አካሉም እርሱ ነው ማለት። በአንድ ወቅት በአንድ ሐይቅ ውስጥ ከሁለቱም ንዑስ አስተኔዎች የመጡ ዝርያዎች አብረው ሊኖሩ ስለሚችሉ፣ 11ዱን ቁርጥራጮች ሁሉ አንድ እንስሳ ወይም አንድ ዝርያ ናቸው ብሎ መነሳት ራሱ ማስረጃ ይፈልጋል። የሚገጣጠሙት፣ መጠናቸው የሚስማማው፣ ያልተደጋገሙትና ከአንድ ቦታ የወጡት ብቻ በአንድነት ይያዙ።

ዘጠነኛ፦ የዝምድና ትንተና

ለዘመናዊው ምደባ መሠረት የሆነው የፒተር ሜይላን እ.ኤ.አ. የ1987 ጥናት ነው። ጥናቱ ቀድሞ ትሪዮኒክስ በሚል ስም ተጠቅልለው የነበሩትን ሕያዋን ዝርያዎች በአጥንት ባሕርያቸው ለይቶ ወደ በርካታ ወገኖች መልሷቸዋል። ከዚያ በኋላ የተሠሩ የባሕርይ ሠንጠረዦች (በየረድፉ አንድ ዝርያ፣ በየዓምዱ አንድ የአጥንት ባሕርይ የሚመዘገብባቸው) የእርሱን ባሕርያት እያሻሻሉ ስለሚቀጥሉ አዲስ ሠንጠረዥ ከባዶ ከመሥራት ይልቅ የታተመ ሠንጠረዥ ወስዶ ናሙናን በአንድ ረድፍ መጨመር ይሻላል። ያልታየ ባሕርይ ሁሉ በጥያቄ ምልክት ይሞላል። በግምት የተሞላ አንድ ሕዋስ ከአሥር ጥያቄ ምልክቶች የበለጠ ጉዳት ያደርሳል፤ ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ግምትን ከምልከታ አይለይም።

ከሠንጠረዡ የዘር ሐረግ የማውጣቱ ትንተና ቲኤንቲ በሚባለው በነጻ በሚገኝ ፕሮግራም በተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። ባለለስላሳ ቅርፊት ኤሊዎች ተመሳሳይ የአጥንት ባሕርይን በየፊናቸው ደጋግመው ስላዳበሩ በአጥንት ብቻ የሚወጣው የዘር ሐረግ ከዘረመሉ ጋር ሊጋጭ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው የኤንግስትሮምና የባልደረቦቹ የዘረመል ጥናት ይህን በግልጽ አሳይቷል። ስለዚህ የሕያዋኑ ዝምድና በዘረመሉ ውጤት ታስሮ የጠፋው ናሙና ብቻ ነጻ ሆኖ ቦታውን እንዲፈልግ ይደረግ። ትንተናውን ሳያስሩም አንዴ ይድገሙት፤ ናሙናው በሁለቱም ጊዜ እዚያው ቦታ ካረፈ ውጤቱ ይታመናል፤ ቦታ ከቀያየረ ግን ያለው ማስረጃ ወገኑን ለመወሰን አልበቃም ማለት ነው።

ዐሥረኛ፦ የሚገባውን ስም መስጠት

ውሳኔው በማስረጃው ልክ ይሁን። ገጹ፣ የቦዩ አለመኖርና ነጻው የጎድን ጫፍ ብቻ ከታዩ ናሙናው «ትሪዮኒኪዴ፣ ያልተወሰነ» ተብሎ ይመዘገባል። የተዋሐደው የሆድ አጥንት ከተረጋገጠ «ሳይክላኖርቢኔ፣ ያልተወሰነ» ይሆናል። ከአንድ የታወቀ ዝርያ ጋር የሚመሳሰል ሆኖ ማረጋገጫው ካልተሟላ በወገኑና በዝርያው ስም መካከል «ኮንፈር» የሚለው ቃል ይገባል፤ ከታወቀው ዝርያ ጋር የተዛመደ ግን የተለየ መስሎ ከታየ «አፊኒስ» ይባላል። ምሳሌያችን በሁሉም ደረጃዎች ቢያልፍ እንኳ የሚደርሰው ምናልባት ንዑስ አስተኔው ላይ ነው፤ ይህም ለአንድ ደለል የሐይቅ መኖርን፣ የውኃውን ቋሚነትና የእንስሳቱን ስብጥር ለማሳየት በቂ ጥቅም አለው።

አዲስ ዝርያ መሰየም የሚገባው ከአንድ በላይ ነጻ ባሕርያት፣ ቢቻል ከአንድ በላይ አዋቂ እንስሳት ላይ ታይተው ከሁሉም የታወቁ ዝርያዎች ሲለዩት ነው። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ሕግ ለዚህ ቅድመ ሁኔታዎች አሉት፦ ስሙ አዲስ መሆኑ በግልጽ ይነገራል፤ ዝርያውን ከሌሎች የሚለይ መግለጫ ይጻፋል፤ ሆሎታይፕ የሚባለው የስሙ ተሸካሚ ናሙና በስም ተጠቅሶ የሚቀመጥበት ተቋም ይገለጻል። ጽሑፉ በኤሌክትሮኒክ ብቻ የሚታተም ከሆነ ከመታተሙ በፊት ዙባንክ በሚባለው መዝገብ መግባት አለበት። ለሆሎታይፕነት የሚመረጠው ያማረው ቁራጭ ሳይሆን መለያ ባሕርያቱን በራሱ የያዘው ነው። አንድ የጎድን ሰሌዳን ሆሎታይፕ አድርጎ ስም ማውጣት ለቀጣዩ ትውልድ አጠራጣሪ ስም ማውረስ ነው፤ ከቀድሞው ዘመን የተወረሱት እንዲህ ያሉ ስሞች ዛሬ አጥኚዎችን የሚያደክሙት አብዛኞቹ በዚህ መንገድ ስለወጡ ነው።

ዐሥራ አንደኛ፦ ማስቀመጥና መሰነድ

ከአገራችን የሚወጡ ቅሪተ አካላት የሚቀመጡት አዲስ አበባ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ሲሆን፣ የናሙናው መለያ ቁጥር በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ በማይለቅ ቀለም በትንሹ ይጻፋል፤ ቀለሙ አጥንቱን በቀጥታ እንዳይነካ ከሥሩ ስስ የፓራሎይድ ሽፋን ይቀባል። ቁጥሩ የገጹን ቅርጽና መጋጠሚያዎችን በማይሸፍን ቦታ፣ በተለይም በውስጠኛው ገጽ ላይ ይሁን። የላይ፣ የታችና የጠርዝ ፎቶግራፎች የርዝመት መለኪያ ማስመሪያ ከአጥንቱ አጠገብ ተቀምጦ ይነሱ፤ በማይክሮስኮፕ የታየው ስስ ቅንጣቢም በዚያው ቁጥር ይያያዝ።

ናሙናው ወደ አዲስ አበባ ከመሄዱ በፊት በጀሶ ወይም በሦስት አቅጣጫ ስካን ቅጂው ተወስዶ ለአካባቢው ዩኒቨርሲቲ ወይም ሙዚየም እንዲቀር ይደረግ። በቅጂው ጀርባ ላይ «ቅጂ» የሚለው ቃል፣ የዋናው ናሙና ቁጥር፣ የተገኘበት ንብርብርና በዐሥረኛው ደረጃ የተደረሰበት ስም አብረው ይጻፉ፤ በኋላ ምደባው ቢሻሻል የቀድሞው ጽሑፍ ሳይፋቅ አዲሱ ከነቀኑና ከወሳኙ ባለሙያ ስም ጋር ከሥሩ ይታከላል።